የዙበይዳ ዓረፍተ ነገር

«ኪዬሮ ኬ ላ ክሪያዳ ሴ ባያ» አለች ዙበይዳ፤ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

ክፍሉ እንኳ ክፍል አልነበረም። ኮሮና ትምህርት ቤቱን ከዘጋው ዓመት አልፎታል፤ ዘጠነኛ «ቢ» ማለት አሁን በተማሪዋ በልደት ላፕቶፕ ላይ የተደረደሩ ትንንሽ ሣጥኖች ናቸው። በየሣጥኑ አንድ ፊት፣ ከፊቱ በስተኋላ ደግሞ የአንድ ሰው ቤት። ከዙበይዳ ኋላ የሚታየው በዚህ የዓረብ ከተማ ሀብታም ሰፈር፣ በሱራ፣ ያለው ትልቁ ቤታቸው ነበር፤ ነጭ መጋረጃ፣ ነጭ ቁም ሣጥን፣ አሁን ደግሞ የብርቱካን ጭማቂ በትሪ ይዛ በሩ ሥር የቆመች ሴት።

«ፔርፌክቶ!» አሉ የስፓኒሽ መምህርታቸው ሚስ ኑሃድ እያጨበጨቡ። ሴትየዋን አላዩዋትም፤ ወይም አይተው ከዓረፍተ ነገሩ ጋር አላገናኟትም። «በመጨረሻ ዙበይዳ! ወደ ራስ የሚመለስ ግሥ፣ በምኞት መልኩ፣ አንዲት ስሕተት የለበትም!»

ልደት አልሳቀችም። ሌሎቹ በዚህ ሰዋስው ሲደናበሩ ለእሷ ቀልሏት ነበር፤ አማርኛዋ አግዟታል። ሰው ሌላውን ሲያጥብ «አጠበ»፣ ራሱን ሲያጥብ «ታጠበ» ይባላል፤ ስፓኒሽ ይህን ለማለት «ሴ» የምትል ቁራጭ ቃል ይጨምራል። «እንድትታጠቢ እፈልጋለሁ» ሲባል ያቺ «እንድ» የምትሠራውን ሥራ ደግሞ የግሡን ጭራ በመቀየር ይሠሩታል። በቃ፣ ይኸው ነው። ስለዚህ ዙበይዳ ያለችው አንድም ሳይቀር ገባት። «ሠራተኛዋ ከዚህ እንድትሄድ እፈልጋለሁ።» መሄዱም ዝም ብሎ መሄድ አይደለም፤ አዲስ አበባ ያሉት የአጎቷ ልጆች «ላሽ በይ» የሚሉት ዓይነት ነው።

በሩ ሥር የቆመችው ሴት ስፓኒሽ አታውቅም። ልጆቹ ሲስቁና መምህርቷ ሲያጨበጭቡ ሰማች፤ ከማስኳ በላይ ያሉት ዓይኖቿ ፈገግ አሉ። ትሪውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ «ማሻአላህ፣ ዙበይዳ!» አለች። ከዚያ ጎንበስ ብላ ወደ ስክሪኑ ተጠጋች። ዓይኖቿ ከሣጥን ሣጥን እየዘለሉ አንድ ፊት ይፈልጉ ጀመር።

የሚፈልጉት የልደትን ፊት ነበር። ሴትየዋ ሸዋረገድ፣ የልደት እናት ናት።

የልደት ጣት ከሐሳቧ ቀደመ። ካሜራዋን ዘጋችው።

ይህን ከሚስቁት ልጆች አንዳቸውም አያውቁም። የልደት አባት ሙሴ የትምህርት ቤቱ ኤሌክትሪሺያን ነው፤ እሷም እዚያ የምትማረው የሠራተኛ ልጅ ስለሆነች ነው። የዙበይዳ አባት አብዱልወሃብ አንድ ቀን ልጃቸውን ሊወስዱ መጥተው ሙሴን በር ላይ አገኙትና፣ ወድቀው ዳሌያቸው ለተሰበረ እናታቸው የምትሆን ታማኝ ሴት ያውቅ እንደሆነ ጠየቁት። ሙሴ የገዛ ሚስቱን ነገራቸው። ሸዋረገድ ጠዋት እየሄደች ማታ እየተመለሰች አሮጊቷን ማስታመም ጀመረች። ልደትና ዙበይዳ ያኔ ጓደኛሞች ነበሩ። ልደት «ለማንም እንዳትናገሪ» አለቻት፤ ዙበይዳም «ወላሂ» ብላ ማለች። ቃሏን ጠብቃለች።

ክረምት ላይ በሽታው እንደገና ሲያገረሽ የዙበይዳ እናት፣ ማዳም፣ ለሸዋረገድ ምርጫ ሰጠቻት። ወይ ከእነሱ ጋር ተዘግታ መቀመጥ፣ ወይ ጭራሽ አለመምጣት፤ አሮጊቷ ከተያዙ አይተርፉም። «ለሁለት ሳምንት ብቻ» ተባለ። ሁለት ሳምንቱ ሁለት ወር አለፈው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ዙበይዳ ለልደት የሸዋረገድን ፎቶ በስልክ ትልክላት ነበር። ልደትን ይበልጥ ያንገበገባት ይኼ ነው። ጠላት ብትሆን ይሻል ነበር።

ትምህርቱ እንዳለቀ ስልኳ ጮኸ።

«ልዲ፣ ለምን ካሜራሽን ዘጋሽ? ተናደድሽ እንዴ?» አለች ዙበይዳ በአረብኛ።

«እናቴ እኮ ናት።»

«አውቃለሁ! እሷን ለማለት አልነበረም። ሚስ ድንገት ስትጠራኝ ጭንቅላቴ ባዶ ሆነ። ስፓኒሽ ላይ እንዴት እንደሆንኩ ታውቂያለሽ፤ ሁሌ ይስቁብኛል። በዚያ ላይ እሷ ጭማቂ ይዛ ገባች፤ የመጣልኝን አልኩ። ምሳሌ ነው ልዲ፤ ግራመር ነው!»

«የመጣልሽ እሱ ነው?»

«ማን ያውቃል ያንቺ እናት መሆኗን? ለአንድ ሰው ትንፍሽ ብዬ አላውቅም። አትናገሪ ያልሽኝ ራስሽ ነሽ። ደግሞ እሷ አልገባትም። እንዲያውም ደስ ብሏታል።»

ልደት ስልኩን ጠረቀመችው። «እንዲያውም» የምትለዋ ቃል ደረቷ ላይ እንደ ፍም ተቀመጠች።

ሰዓት እላፊው ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ስለሚጀምር አባቷ ቀደም ብሎ ገባ። ማስኩን አውልቆ ጣለ፤ እጁን በሳሙና ታጠበ፤ እሷ እያለቃቀሰች የምትነግረውን ጀርባውን ሰጥቶ አዳመጠ።

«የልጅ አፍ ነው» አለ በመጨረሻ። «እለፊው።»

«አንተን ቢሉህስ ኖሮ?»

«እኔን ስንት ብለውኛል መሰለሽ።»

«እና ዝም አልክ?»

«ዝም አልኩ። አንቺም ይኸው ትማሪያለሽ።»

ልደት ወጥ ቤት ገብታ ሳህኖቹን እያንቋቋች አጠበች። አንዱ ጠርዙ ተሸረፈ። አባቷ ሰምቶ እንዳልሰማ ሆነ።

ከእራት በኋላ እናቷ ደወለች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው የምታወራው፤ አሮጊቷ እንቅልፍ ሊወስዳቸው ነበር።

«በላሽ ልደቴ?»

«በላሁ።»

«ዛሬ ክፍል ውስጥ አልነበርሽም እንዴ? ፈልጌ አጣሁሽ።»

«ኔትወርክ ተቋርጦብኝ ነው።»

«አዎ፣ ኔትወርክ» አለች። «ዙበይዳ ግን ምን ብላ ነው እንደዚያ የተጨበጨበላት?»

«ስለ አየር ሁኔታ።»

«ጎሽ። በይ ደህና እደሪ።»

ልደት ስልኩን ጨብጣ ቀረች። ሁለት ውሸት፣ ያውም ለእናቷ። የዙበይዳ ዓረፍተ ነገር እሷንም ውሸታም አደረጋት። ጥርሷን ነከሰች።

በማግስቱ ትምህርት እንዳበቃ ማስኳን አጥልቃ ከሚኖሩበት ሰፈር ከሐወሊ አውቶቡስ ተሳፈረች። አንድ ወንበር እየዘለለ ቀይ ፕላስተር ተለጥፏል፤ ተሳፋሪው አራርቆ ተቀምጦ ሰዓቱን ያያል። ሱራ ስትወርድ ሙቀቱ ከአስፋልቱ ላይ ይተን ነበር። ለአባቷ አልነገረችም። ምን እንደምትል እንኳ አላሰበችም። የዙበይዳን ቤት ደወል ግን ጣቷን ሳታነሳ ተጫነችው።

በሩን የከፈተችው ራሷ ዙበይዳ ናት። ስታያት ደነገጠች።

«ልዲ! ምን ሆነሽ ነው? ሊዘጋ እኮ ነው መንገዱ።»

«እናቴን ጥሪልኝ።»

«እናቴ እንዳታይሽ። ያንቺ እናት ከውጭ ሰው ጋር ከተገናኘች እንደገና ለብቻዋ ክፍል ውስጥ...»

«ጥሪልኝ አልኩ!»

ዙበይዳ ወደ ውስጥ ዞራ «ሺዋ!» ብላ ተጣራች። በዚያ ቤት ሸዋረገድ የሚለው ስም ረዝሞባቸው «ሺዋ» ሆኗል። ልደት ይህን ከዚህ በፊትም ሰምታው ታውቃለች፤ እንደ ዛሬ ግን ጆሮዋን ቆርጦት አያውቅም።

እናቷ እጇን በሽርጧ እያደረቀች ብቅ አለች። ከደፉ ሳታልፍ ቆመች። ከስታለች። የእጇ ቆዳ ከሳኒታይዘሩ ብዛት ተሰነጣጥቋል።

«በእግዚአብሔር! ምን ተፈጠረ? አባትሽ ደህና ነው?»

«ደህና ነው።» ልደት ወደ ዙበይዳ ዞረች። «ንገሪያት። ክፍል ውስጥ ያልሽውን። በአረብኛ ንገሪያት።»

«ልዲ፣ በናትሽ...»

«በእናቴ ነው እኮ የምልሽ! እያየችሽ ንገሪያት!»

የዙበይዳ ዓይን እንባ ሞላ። ፊቷን ወደ አጥሩ አዞረች። አጥሩ ላይ የተቀመጠ ድመት ዘሎ ወረደ። ልደት መታገሥ አቃታት፤ ራሷ በአማርኛ አወጣችው።

«‹ሠራተኛዋ እንድትሄድ እፈልጋለሁ› ነው ያለችው። አንቺን ነው። ለዚያ ነው የሳቁት፤ ለዚያ ነው የተጨበጨበላት። አንቺ ደግሞ ‹ማሻአላህ› አልሽ!»

ሸዋረገድ ፊቷ አልተለወጠም።

«ቃሉን አላወቅኩም እንጂ ነገሩ ገብቶኛል» አለች። «ስንት ዓመት በሰው ቤት የሠራሁ ሴት ነኝ። ሳቅ አስተርጓሚ አይፈልግም።»

«ታዲያ ለምን ‹ማሻአላህ› አልሽ?»

«ምን ላድርግ? ትሪውን ልወርውርባት?» ድምፅዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ከፍ አለ። «እኔን የቆረጠኝ እሱ አይደለም። ጸጉርሽን በቢጫ ሻሽ አስረሽ ነበር፤ አየሁሽ። ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። ከዚያ ድርግም አልሽብኝ። እሱ ኔትወርክ አይደለም ልደቴ።»

ልደት መሬቱ ቢከፈትላት ትወድ ነበር። ይቅርታ ማለት ነበረባት፤ ከአፏ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«አንቺስ?» ብላ ጮኸች። «ሁለት ሳምንት ብለሽን አልነበር? የእነሱን አያት ታጎርሻለሽ፣ እኔና አባዬ ብቻችንን እንበላለን! የአርብ ቤተ ክርስቲያን ጸሎት እንኳ በስልክ ሆኗል፤ አንቺ አንድ አርብ መጥተሽ አታውቂም! የእነሱ ሆነሽ ቀረሽ!»

«የእነሱ ሆንኩ?» ሸዋረገድ ማስኳን ወደ አገጯ አወረደችው። «እኔ እዚህ ደልቶኝ መሰለሽ? ሌሊት ሌሊት ሴትየዋን እያገላበጥኩ ስለ አንቺ የማስበውን ማን አየልኝ? ሥራው ቢቀር ነገ ምን እንደምንሆን ከአባትሽ ጋር ተማክረን ነው የቆየሁት። ለአንቺ ያልነገርንሽ እንዳትጨነቂ ነው።»

እናትና ልጅ ደፉን በመሀል አድርገው እንደ ባላንጣ ተፋጠጡ። ዙበይዳ አማርኛው ባይገባትም በሩን ይዛ ታለቅሳለች።

ሸዋረገድ ፊቷን በክንዷ ጠረገችና ወደ እሷ ዞራ በአረብኛ ተናገረች። ልደት አረብኛውን ትሰማለች።

«ዙበይዳ፣ አርብ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ። ለማዳም እኔው አሁን እነግራታለሁ። ስመለስ ትመርመር ካለች እመረመራለሁ። አትሂጂ ካለችኝ ደግሞ ኻላስ፣ በቃኝ።»

«ሺዋ... እናትሽ... እናቴ ትቆጣለች።»

«ትቆጣ። ዛሬ ሁላችንም ተቆጥተናል።»

ከዚያ ለልደት፣ በአማርኛ፣ ቀስ ብላ፦ «የእኔን ለእኔ ተዪው። አንቺ ስለ ራስሽ የምትናገሪው ካለሽ ተናገሪ። ከተናገርሽም ‹ሠራተኛዋ› አትበይኝ። አባቴ ያወጣልኝ ስም አለኝ።»

የሙሴ አሮጌ መኪና ጥጉ ላይ ብቅ አለች፤ ልደትን ቤት ሲያጣት የት እንደሄደች ገብቶት ኖሯል። ሙሴ አልወረደም። ከመኪናው ውስጥ ሆኖ ሚስቱን አያት፤ እሷም አየችው፤ እጇን ብድግ አደረገችለት። ልደት ገብታ በሩን ዘጋች።

መንገዱ ባዶ እየሆነ ነበር። የፖሊስ መኪናዎች አደባባዩ ላይ መብራታቸውን ማብራት ጀምረዋል። ሐወሊ ሲደርሱ ሙሴ ሞተሩን አጥፍቶ ከመሪው ላይ እጁን ሳያነሳ ቆየ።

«ትናንት ‹እለፊው› ያልኩሽ...» አለ፣ «ፈርቼ ነው። ማለፍ ጥሩ ሆኖ አይደለም።»

ልደት የመኪናውን ቁልፍ ከእጁ ተቀብላ ቀድማው ደረጃውን ወጣች።

ክፍሏ ገብታ ዙበይዳ የላከችላትን ፎቶዎች አንድ በአንድ አየቻቸው። እናቷ ልብስ ስትተኩስ። እናቷ ከተሽከርካሪ ወንበሩ ኋላ። እናቷ ምድጃው አጠገብ፣ ለካሜራው እየሳቀች። መጀመሪያ ላይ ያቺን ፊት ብቻ ነበር የምታየው። አሁን ሌላ ነገር ታያት፤ በአንዱም ፎቶ ላይ አልተቀመጠችም።

ስልኳ ጮኸ። ዙበይዳ ናት፤ መልእክት ጽፋለች። «ነገ ክፍል ውስጥ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ያንቺ እናት መሆኗን ልናገር ወይስ አልናገር?»

ልደት ለረጅም ጊዜ አየችው። «አትናገሪ» ብላ ጻፈች፤ ከዚያ አጠፋችው። «እኔ እናገራለሁ» ብላ ላከች።

ሐሙስ ዕለት ሚስ ኑሃድ ሁሉንም በተራ አንዳንድ ምሳሌ ጠየቁ። አንዱ «እጅህን እንድትታጠብ እፈልጋለሁ» አለ፤ ሌላዋ «ቶሎ እንዲሻልሽ እመኛለሁ» አለች። ወረርሽኙ ለሁሉም ምሳሌ አበድሯል። የልደት ተራ ደረሰ።

«ኪዬሮ ኬ ሚ ማድሬ ሴ ሲየንቴ።»

ሚስ ኑሃድ አንገታቸውን ሰበር አደረጉ። «‹ሴ ሲየንታ› ለማለት ነው? እናትሽ ደህና ስሜት እንዲሰማት?»

«አይደለም ሚስ። ሁለቱ ይመሳሰላሉ፤ እኔ ያልኩት ግን ‹ሴ ሲየንቴ› ነው። እናቴ እንድትቀመጥ እፈልጋለሁ።»

«እንግዲያውስ ትክክል ነሽ። ቆንጆ ምሳሌ ነው። ፖር ኬ? ለምን እንድትቀመጥ ፈለግሽ?»

«ቆማ ስለምትውል። ማክሰኞ ዕለት ጭማቂ ይዛ የገባችው፣ ሁላችሁም የሳቃችሁባት፣ እናቴ ናት። የዙበይዳን አያት ታስታምማለች። ሴ ያማ ሸዋረገድ። ስሟ ሸዋረገድ ነው። ሺዋ አይደለም።»

አንድ ልጅ የሳቅ ምልክት ላከ፤ ወዲያው አጠፋው። ሚስ ኑሃድ መነጽራቸውን አወለቁ።

«እኔ አጨብጭቤያለሁ» አሉ። «ማየት ነበረብኝ። አላየሁም። ለእናትሽ ይቅርታ እንደጠየቅኳት ንገሪልኝ።»

ከዚያ የዙበይዳ ድምፅ መጣ፤ የተዘጋ አፍንጫ ያለው ድምፅ። «ስለ እሷ ነው ያልኩት» አለች። «ስትስቁልኝ ደስ ብሎኝ ነበር። አሁን አፍሬያለሁ። ልዲ፣ ይቅርታ።»

ልደት ይቅርታውን ሰማችው። እውነተኛ መሆኑንም አወቀች። ደረቷ ላይ የተቀመጠው ፍም ግን ገና አልበረደም፤ በርዷል ብላ ልትዋሽ አልፈለገችም። በዚህ ሳምንት የዋሸችው ይበቃታል።

ሚስ ኑሃድ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «በሚቀጥለው ሳምንት የቃል ፈተናው በጥንድ ነው። ልደትና ዙበይዳ እንደ ሁልጊዜው አብራችሁ ናችሁ?»

ዙበይዳ ከሣጥኗ ውስጥ ሆና ጠበቀቻት። ልደት ዓይኗን ሳትሰብር አየቻት።

«ለጊዜው ብቻዬን ልሥራ፣ ሚስ።»

«ለጊዜው?»

«ለጊዜው» አለች ልደት።